ግግሜ አልፈርምም ያለች ጊዜ

ታላቅ እህቴን ቤት ውስጥ ግግሜ ነው የምንላት። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አላፍርበትም። ልጆች ሆነን እማዬ ተቆጥታ «ይቅርታ ካልጠየቅሽ እራት የለም» ስትላት፣ ጥፋቱ የእሷ ካልሆነ ጦሟን ታድራለች እንጂ ይቅርታ የሚባል ቃል ከአፏ አይወጣም። እኔ ደግሞ ያላጠፋሁትንም ጨምሬ ይቅርታ እልና የእሷንም እራት እበላላታለሁ። እማዬ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ስትላት፣ ግግሜ «ወረቀት ምን አጠፋ?» ብላ ትመልሳለች። ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር ነው ያደግሁት።

እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ቢጉዲን ስጠቀልል፣ ካስክ ሥር የተቀመጠችውን ሴት ወሬ ስሰማ፣ የራሴንም ስጨምርበት ነው የምውለው፤ ስለዚህ ነገር ካስረዘምኩ ቻሉኝ። ግግሜ ፕሮቲን የሚባለው ነገር ምን ዓይነት ቅርጽ እንዳለው የምታጠና ሳይንቲስት ናት። ድሮ ደንበኞቼ «እህትሽ ሥራዋ ምንድነው?» ሲሉኝ «ላብራቶሪ ነው፣ እኔም አይገባኝ» ብዬ እገላገል ነበር። አሁን ቁጭ አድርጌ ነው የማስረዳቸው። ነገሩ የራሴ ጉበት ውስጥ ከገባ ወዲህማ ሳይገባኝ የት ይቀራል!

ነገሩ የጀመረው ከአባዬ ነው። አባዬ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም፤ የሳል ሽሮፕ እንኳ ሲታዘዝለት «አልኮል አለው ወይ?» ብሎ የመድኃኒት ቤቷን ልጅ የሚያስጨንቅ ሰው ነው። እያደር ሆዱ ተነፋ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ሐኪሙ «ስንት ዓመት ጠጣህ?» አለው። «ጠጥቼ አላውቅም» ሲለው ሐኪሙ ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ ግግሜ አጠገቡ ቆማ አይታታለች። አባዬ ሲሞትም ለቀስተኛው አፉን በእጁ ከለል እያደረገ «መጠጥ እኮ ነው የጨረሰው» ይባባል ጀመር። ግግሜ ያኔ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት። ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ «አባቴ ጠጪ አልነበረም! ጉበቱን ምን እንደጨረሰው እኔ አሳያችኋለሁ!» አለች። አክስታችን ጎትታ አስቀመጠቻት። «ሐዘኑ ነው፣ ልጅቷ አእምሮዋ ተነካ» ተባለ። ሐዘን አልነበረም፤ ንዴት ነው።

እንዳለችውም አደረገችው። ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ከዚያም ሌላ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያም የባሰበት። አስተማሪዎቿ «ይሄ እኮ ብርቅ በሽታ ነው፣ ሌላ ነገር አጥኚ» ሲሏት «ብርቅ የሆነው የሚመረምረው ጠፍቶ ነው» አለቻቸው። እማዬ ልጄ ትዳር ትይዛለች ብላ ስትጠብቅ ስትጠብቅ፣ መጨረሻ ላይ ለጎረቤት «የእኔ ልጅ ጠብታ አግብታ ቀረች» ማለት ጀመረች። ውሸቷን አይደለም። ግግሜ ያንን መስታወት ላይ የምታንጠለጥለውን የፕሮቲን ጠብታዋን እንደምትንከባከብ ባል የተንከባከበች ሴት አላየሁም።

አባዬን የጨረሰው ምን እንደሆነ የነገረችኝ ሹሩባ እየሠራሁላት ነው። የጉበት ሴሎች ለሳንባ ዘብ የሚቆም አንድ ፕሮቲን ይሠራሉ አለችኝ። ፕሮቲኑ ሲወለድ ረጅም ክር ነው። ሴሉ ውስጥ ለዚህ የተለየች ክፍል አለች፤ ክሩ እዚያ ገብቶ ይታጠፍና ቅርጹን ይይዛል። አጣጥፈው የሚያግዙት አሉ፣ በደንብ መታጠፉን የሚፈትሹት አሉ። በደንብ የታጠፈው ወደ ደም ይወጣና ወደ ሳንባ ይሄዳል። ያልታጠፈውን ሴሉ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አላሳልፍም ይላል። እኛ ቤት ደግሞ በዘር የሚወረስ አንድ ስህተት አለ፤ ፕሮቲኑ አጣጣፉ ይበላሽና እርስ በርሱ እየተያያዘ ጉበት ውስጥ ይከማቻል። ጉበት በገዛ ሥራው ይታነቃል፤ ሳንባም ዘቡን ያጣል።

«አንቺ ሹሩባ ስትጀምሪ አንዷን ጉንጉን ብትስቺ ምን ታደርጊያለሽ?» አለችኝ።

«ፈትቼ እንደገና ነዋ!»

«ሴሉም መጀመሪያ እንደዚያው ያደርጋል፤ የተበላሸውን ይፈታል፣ ይጥላል። ሲበዛበት ነው የሚያቅተው» አለች። እኔም ጭንቅላቷን ቀና አድርጌ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ የእኔ ዓይን ቢጫ ሆነ። ደንበኞቼ ይቀልዱብኛል፤ «አንቺ፣ ትናንት የት ስትጠጪ አመሸሽ?» ይሉኛል። እኔም «ባልሽ ጋብዞኝ ነው» እያልኩ አስቃቸዋለሁ። ሆዴ ግን አውቆታል። ግግሜ ደሜን ወስዳ አስመረመረች። ውጤቱ ሲመጣ ፀጉር የምሠራበት ሳሎን መጥታ፣ ሰው እስኪወጣ ጠብቃ ነገረችኝ። «እንደ አባዬ ልሞት ነው በይኛ!» አልኳት። «አትሞቺም። እኔ እያለሁ የትም አትሄጂም፣ ሰምተሻል?» አለችኝ፤ የተዋስሽውን ልብስ መልሺ እንደምትለኝ ነበር አነጋገሯ። ያን ቀን አመንኳት።

የምትሠራበትን ክፍል ካየሁት በኋላ ደግሞ የበለጠ አመንኳት። የእኔን ሳሎን አያህልም። በሩ ላይ «በሩን የሚወረውር እኔን ይጥራኝ» የሚል ወረቀት ለጥፋለች፤ ለምን እንደሚጠራት አልተጻፈም፣ ግን ማንም ሞክሮት አያውቅም። ቀጥሎ ቀዝቃዛ ክፍል አለ፤ በጋ ክረምት ሹራብ ደርባ ነው የምትገባው። ፕሮቲን በማይክሮስኮፕ እንኳ አይታይም፤ መጀመሪያ ክሪስታል መሆን አለበት። ስለዚህ ፕሮቲኑን አጥርታ፣ በትንሽ መስታወት ላይ ጠብ አድርጋ፣ መስታወቱን ገልብጣ ታሽገዋለች። ጠብታዋ ተንጠልጥላ ውሃዋን ቀስ በቀስ ታጣለች። ከዚያ መጠበቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አተላ ይሆናል። አንዳንዴ፣ ዕድሏ ከቀና፣ ሁሉ ነገር ከተስማማ፣ ውስጧ አንዲት የምታብረቀርቅ ነገር ታድጋለች። ግግሜ ትንፋሿን ይዛ ከሽፋሽፍት በቀጠነች ቀለበት ታወጣታለች፤ ስትቀዘቅዝ እንዳትሰነጠቅ መከላከያ ፈሳሽ ውስጥ ትነክራታለች፤ ከዚያ እንደ ድስት እንፋሎት በሚያጨስ በጣም ቀዝቃዛ ናይትሮጅን ውስጥ ትከታታለች። ክሪስታሏ ሩቅ አገር ያለ ትልቅ የኤክስሬይ መሣሪያ ዘንድ ትሄዳለች። ተመልሶ የሚመጣው ቁጥር ነው። ኮምፒዩተሩ ከቁጥሩ ሰማያዊ መረብ ይሠራል፤ መረቡ ፕሮቲኑ ያለበትን ቦታ ያሳያል። መረቡ ውስጥ ምን እንዳለ የሚወስነው ግን ሰው ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ የኋላው ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

የክፍሉ ኃላፊ አንድ አንጋፋ ፕሮፌሰር ናቸው። ክፉ ሰው ናቸው ብዬ ላማቸው አልችልም፤ እህቴን የቀጠሯት እሳቸው ናቸው፣ ሌላው ሁሉ በሩን ሲዘጋባት። በዚያ ፕሮቲን ሆድ ላይ አንድ ትንሽ ኪስ አለች። ፕሮፌሰሩ እዚያች ኪስ ገብቶ ፕሮቲኑን በሚታጠፍበት ጊዜ ደግፎ የሚይዝ መድኃኒት ሲፈልጉ ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል። አንዱን መድኃኒት በሴሎች ላይ ሲሞክሩት አንዳንዴ የሠራ ይመስላል፣ አንዳንዴ አይሠራም። ስለዚህ ግግሜ ክሪስታል አሳደገች፣ መድኃኒቱ ውስጥ ነከረችው፣ ተላከ። መረቡ ሲመጣ ኪሷ ውስጥ አንዲት ጉብታ ታየች። ፕሮፌሰሩ መድኃኒቱን ጉብታዋ ውስጥ አስቀመጡና «አገኘነው!» ብለው ጮኹ። የበሩን ዘበኛ ሳይቀር ወጥተው አቀፉት ይባላል።

ከዚያማ ነገሩ ጋለ። አንድ የመድኃኒት ፋብሪካ በሰው ላይ ልሞክረው አለ። መጀመሪያ ከሚሞከርባቸው ሕመምተኞች አንዷ እኔ ሆንኩ። በዚያን ቀን ሳሎን ውስጥ ጨፈርኩ፤ ካስክ ሥር የነበረችው ሴትዮ ቢጉዲኗን እንደጠመጠመች ተነስታ አብራኝ ጨፈረች። እማዬ ስልክ ስደውልላት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። የቀረው የምርምር ጽሑፉ ነው፤ ጽሑፉ ላይ ደግሞ የሠሩት ሁሉ መፈረም አለባቸው። ክሪስታሉን ያሳደገችው ግግሜ ናት። ያለ እሷ ፊርማ አይሄድም።

እሁድ ምሳ እማዬ ቤት ተሰብስበን ሳለን ግግሜ ፊቷ ጠቁሮ መጣች። ተቀመጠች፣ ሳህኑን አልነካችም፣ «አልፈርምም» አለች።

«ምኑን?» አለች እማዬ።

«ጽሑፉን። መድኃኒቱ እዚያ የለም።»

ጉብታዋ ለመድኃኒቱ ጠባብ ሆና ታየቻት፤ መድኃኒቱ ሲገባባት አንድ ጫፉ ሜዳ ላይ ይቀራል። ለፕሮፌሰሩ «ያለ መድኃኒት የተሠራ ክሪስታል እንይና እናወዳድር» ብትላቸው «አያስፈልግም፣ መሣሪያው ላይም ወረፋ የለንም» አሏት። እሺ የምትል መሰላቸው! ሌላ ክሪስታል አሳድጋ፣ መድኃኒቱን ሳታስነካው፣ የቀረውን ሁሉ እንደ መጀመሪያው አድርጋ፣ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ሣጥን ላከችው። መረቡ ሲመጣ ጉብታዋ እዚያው ቁጭ ብላለች። መድኃኒቱ በሌለበት መድኃኒቱ ተብሎ የተሳለው ነገር አለ።

እማዬ ይህ ሁሉ አልገባትም፤ መግባትም አልፈለገች። «ታዲያ ብትፈርሚ እጅሽ ይቆረጣል? ይሞከርላታ! ከመሞት መሰንበት!»

«እማዬ፣ መድኃኒቱ ራሱ ጉበት ላይ ይከብዳል። የሚጠቅም ቢሆን እሺ፣ እንችለው ነበር። ካልጠቀመ ግን የተጎዳ ጉበት ላይ ሸክም መጫን ነው። በእሷ ጉበት ላይ አልጭንም።»

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው!» አለች እማዬና ፊቷን አዞረች።

እኔማ ቆሽቴ አረረ። ምን ያላልኩት አለ! «ጤነኛ ሰው መፍረድ አይከብደውም! ያንቺ ዓይን ነጭ ነው፣ ያንቺ ሆድ አልተነፋ! ልጅ ሆነሽ እራትሽን እምቢ ያልሽው በገዛ ሆድሽ ነው፣ አሁን እምቢ የምትይው ግን በእኔ ነፍስ ነው!» ብዬ ማንኪያውን ወረወርኩት። ግድግዳ መትቶ ወደቀ። ግግሜ ተነስታ ማንኪያውን አነሳች፣ አጠበችው፣ ቦታው መለሰችውና ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ደኅና ዋሉ እንኳ አላለችም።

ተኳረፍን። ስትደውል አላነሳም። ሳሎን እገባለሁ፣ እጄ ሌላ ልቤ ሌላ። የአንዷን ደንበኛዬን ግንባር ፀጉር በፀጉር መተኮሻው አሳርሬው፣ «ፋሽን ነው» ብዬ ሸኘኋት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ቤት ስገባ መስታወት አላይም ነበር፣ ዓይኔን ላለማየት። ከሁሉ የሚያበግነኝ ደግሞ አንድ ነገር ነው፤ ግግሜ ግትር ናት እንጂ ክፉ አይደለችም። ለእኔ ስትል ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ጣቷ እስኪደርቅ የሠራች ሴት፣ ለምን አሁን እምቢ ትላለች? ይህ ጥያቄ ሲጨቀጭቀኝ ሰነበተና አንድ ቀን ሳሎኑን ዘግቼ ሄድኩ።

በሩን ወረወርኩት። አውቄ ነው። «አሳዪኝ!» አልኳት።

ግግሜ ከወንበሯ ሳትነሳ «ተቀመጪ» አለችኝ። ኮምፒዩተሩ ላይ ሁለት ሥዕል ጎን ለጎን አወጣች። ሁለቱም ሰማያዊ መረብ፣ ሁለቱም መሐል ላይ ኪስ፣ ኪሱ ውስጥ ጉብታ። «መድኃኒት የተነከረው የትኛው ነው?» አለችኝ። ፀጉር ጫፉ ሲሰነጠቅ ከሩቅ የምለይ ሴት ነኝ፤ ዓይኔን የኮምፒዩተሩ መስታወት ላይ ተክዬ አየሁ፣ አየሁ። በግራ ያለውን ጠቆምኩ።

«እሱ ውስጥ መድኃኒት የሚባል ነገር ዝር አላለም» አለች።

«እሺ፣ ቦታ አቀያይረሽ እንደገና አሳዪኝ።»

አቀያይራ አሳየችኝ። እንደገና ተሳሳትኩ። ልዩነት የላቸውማ! ወንበሬን አስጠጋሁ። «ታዲያ ይሄ ጉብታ ምንድነው?»

«ግሊሰሪን።»

«የምን ግሊሰሪን?»

«ግሊሰሪን ነዋ፣ አንቺ የደንበኞችሽን እጅ የምትቀቢበት! ክሪስታሉ ሲቀዘቅዝ እንዳይሰነጠቅ የምንነክረው እሱ ውስጥ ነው። ሾልኮ ኪሱ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ሁለቱም ውስጥ አለ።»

አቤት የሳቅኩት ሳቅ! መደርደሪያዬ ላይ በጠርሙስ ሞልቶ የተቀመጠ ግሊሰሪን ሊያድነኝ ኖሯል! ሆዴን ይዤ ሳቅኩ፣ እሷም ሳቀች፣ ጎን ያሉት ሰዎች መጥተው እስኪያዩን። ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ። ለካ እኔ ላም አለኝ በሰማይ ስል ነው የከረምኩት። ጨፍሬበታለሁ እኮ! እማዬ ስለት ተስላበታለች።

«አንቺ ግን» አልኳት አፍንጫዬን እየጠረግሁ፣ «እንዲሆን አልፈለግሽም?»

«እኔ? ያንቺ ስም ሕመምተኞቹ ውስጥ ባይኖር ይህን ያህል ጊዜ ቁጭ ብዬ አላየውም ነበር ይሆናል። መድኃኒቱ እንዲሆን ፈልጌ ነው ደጋግሜ ያየሁት። ጉብታዋ አንድ ጊዜ እንኳ፣ አንዲት ጥግ ላይ መድኃኒቱን ብትመስለኝ ኖሮ እፈርም ነበር። አልመስል አለችኝ።» እንባዋ አልወረደም፤ ድምጿ ግን ተሰባበረ። እጇን ያዝኩት። ጣቶቿ ከጓንቱ ብዛት ተሰነጣጥቀዋል፤ ያን እጅ ግሊሰሪን ቀብቼው አላውቅም ነበር።

ፕሮፌሰሩ ያለ እሷም ልቀጥል አሉ። ክሪስታሉን ሌላ ሰው እንዲያሳድገው ተደረገ፣ እሷም «ለጊዜው ዕረፍት ውሰጂ» ተብላ ቁልፏን አስረከበች። ያኔ እኛን ሕመምተኞቹን ከነቤተሰባችን አዳራሽ ጠሩን፣ ስለ ሙከራው ሊያስረዱን። ግግሜን «ነይ» አልኳት። «አልተጠራሁም» አለች። «እኔ ጠርቼሻለሁ፣ ቤተሰብ አይደለሽም እንዴ?» ብዬ ጎትቻት ገባሁ፤ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጥን።

ፕሮፌሰሩ ያንን ሥዕል ትልቅ አድርገው ግድግዳው ላይ አወጡት። መድኃኒቱ በቢጫ ተስሎ ኪሱ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ያምራል! እውነቱን ባላውቅ እኔም አጨበጭብ ነበር። «አንዲት ባልደረባችን አልተስማማችም» አሉ፤ «በሳይንስ ይህ የተለመደ ነው።» ከፋብሪካው የመጣው ሰውዬ ጭንቅላቱን በአዎንታ ይነቀንቃል። ሰው ሁሉ ፊቱ በርቷል። ያን የበራ ፊት ማጥፋት እንዴት እንደሚከብድ እኔ ልንገራችሁ። ግን ተነሳሁ።

«ፕሮፌሰር፣ ያለ መድኃኒቱ የተነሳው ሥዕል አለ። እሱንም ያሳዩን።»

«እሱ የቴክኒክ ጉዳይ ነው፣ እህቴ፤ ለእናንተ ግልጽ የሚሆን ነገር አይደለም» አሉኝ በለሰለሰ ድምፅ።

«እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ፣ አይቼዋለሁ፣ ግልጽ ነው። ግሊሰሪን ነው!»

ከፊቴ አንድ ግዙፍ ሰው ዘወር አለ። ባለ ወፍጮ ነው፤ ዱቄቱ ከቅንድቡ አልለቀቀም። ጎኑ የተቀመጠችው ልጁ ሰውነቷ ከስቶ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል፣ እንደ እኔው ቢጫ። «አንቺ ሴትዮ፣ አልፈልግም ካልሽ ቁጭ በይ! የልጄን ዕድል አትዝጊባት!» አለኝ። ድምፁ ወፍጮ የለመደ ድምፅ ነው፣ አዳራሹን ነቀነቀው።

«አልዘጋሁባትም! የእኔም ስም እዚያው ነው ያለው፣ የልጅህ በሽታ የእኔም በሽታ ነው! መድኃኒቱ ጉበት እንደሚጎዳ ነግረውሃል? ሳይጠቅማት ቢጎዳትስ? ሥዕሉን እየውና አንተው ፍረድ፤ ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል!»

ሰውዬው አፍጥጦ አየኝ፣ ከዚያ ልጁን አየ። ከዚያ ወደ መድረኩ ዞረ። «እንግዲያው ያሳዩና፣ ምን ችግር አለው?» አለ። ፕሮፌሰሩ ሰዓታቸውን እያዩ «በሌላ ቀን» አሉ። «በሌላ ቀን የምን ነው? ጉበቱ የኛ ነው!» አለች አንዲት እናት ከማዶ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው! «አሳዩን! አሳዩን!» ሆነ ከዳር እስከ ዳር። ግግሜ ተነሳች። በመሐል ቀጥ ብላ ሄዳ ፍላሽዋን ሰካች። ማንም አልከለከላትም።

ሁለቱ ሥዕሎች ጎን ለጎን ወጡ። ለእኔ እንዳስረዳችኝ አስረዳቻቸው፣ ሳትጮህ፣ ማንንም ሳትሰድብ፤ እኔ ብሆን ኖሮ እሰድብ ነበር። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ አደረጉ፣ እንደገና አውልቀው ጠረጉ። ለካ ያንን ሁለተኛ ሥዕል ቁጭ ብለው አይተውት አያውቁም። የፋብሪካው ሰው ቦርሳውን ዘጋ። እንዲህ ነው ተስፋ የሚሞተው፤ ጩኸት የለው፣ አንድ ቦርሳ ቀጭ ሲል ብቻ።

ባለ ወፍጮው ቆሞ ቀርቷል። «ታዲያ እኔ አሁን ለልጄ ምን ይዤላት ልግባ?» አላት። ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ። እኔ መሬቱ ቢውጠኝ መረጥኩ። ግግሜ ግን ዓይኗን አልሰበረችም።

«ዛሬ የምሰጥዎት የለኝም» አለችው። «ኪሷ ግን አለች፣ አይተዋታል። የሚገባባትን እፈልጋለሁ። ነገ ጠዋት ሥራዬ ላይ ነኝ።»

ሰውዬው ልጁን ደግፎ ወጣ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ወጡ፤ አንዳንዱ እኛን ላለማየት በሌላው በር ዞረ። አልፈርድባቸውም።

አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ግግሜ ቁጭ ብላ አለቀሰች። በአባዬ ቀብር ቀን እንኳ እንዲህ ስታለቅስ አላየኋትም። «ገደልኩሽ እንዴ?» ትለኛለች፣ «እውነቱን ንገሪኝ፣ ገደልኩሽ እንዴ?»

«ኧረ ተይ፣ ገና አልሞትኩም! ለመሞትም ሐሳብ የለኝም!» ብዬ ትከሻዋን ያዝኩ። ፈርቼ ነበር፣ በጣም ፈርቼ ነበር፤ ግን የፈራሁትን ያህል ተናድጄም ነበርና ንዴቱ አሸነፈ። «ይልቅ አንድ ነገር ንገሪኝ፤ ነገ ሥራዬ ላይ ነኝ ያልሽው በየትኛው ቁልፍሽ ነው?»

ቦርሳዋን ዳበሰች። ማስረከቧን ረስታዋለች።

«በሩ አለ አይደል? እናንኳኳለና!» አልኳት። እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች።

በማግሥቱ ሳሎኑን ሳልከፍት ቀርቼ አብሬያት ሄድኩ። ኮሪደሩን ስንዞር አንድ ሰው ከበሩ ፊት ቆሟል። ባለ ወፍጮው ነው። ልጁን ወንበር ፈልጎ አስቀምጧታል። እጅጌዋን እስከ ክንዷ ጠቅልላለች፣ ደም ሊወሰድላት የመጣች ይመስል።

«ይከፍታሉ ወይ?» አለኝ ወደ በሩ እያየ።

«እንጃ፣ አሁን ልናንኳኳ ነው።»

«የእኔ እጅ ይከብዳል» አለና ወደ በሩ ቀረበ። ቦታ ለቀቅንለት።